የድሮ የመንገድ ሥራ መኪናዎች ማስታወቂያ ስለ ዘመኑ የሚናገረውና የሚሰውረው

ታሪክ የሚገኘው በነገሥታትና በጦርነት ዜና ውስጥ ብቻ አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን ለመሸጥ ያሳተመው ማስታወቂያም ስለ ዘመኑ ይመሰክራል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የድሮ ቡልዶዘሮችንና የመሬት መቆፈሪያ መኪናዎችን ማስታወቂያ እየፈለጉ የሚሰበስቡ፥ በመስተዋት አስገብተውም በግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች አሉ። በኦሃዮ ግዛት በቦውሊንግ ግሪን ከተማም አሮጌዎቹ መኪናዎች የሚጠበቁበት ቤተ መዘክር ተቋቁሟል። ለመሆኑ ይህ ናፍቆት ከምን የመጣ ነው? ማስታወቂያዎቹስ እውነቱን ይነግሩናልን? (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ገንዘብ ሳይከፈልበት ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ የሠራ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የፓናማን ቦይ ሥራ ሊጐበኙ ሄደው ሳለ፥ በዝናብ ውስጥ 95 ቶን በሚመዝን የቡሳይረስ ኩባንያ የእንፋሎት መቆፈሪያ መኪና ላይ ወጥተው በነጂው ቦታ ተቀመጡ። የፕሬዚዳንቱ ሥዕል ከመኪናው ጋር በየአገሩ ታወቀ፤ የኩባንያውም ስም አብሮ ገነነ።

ካተርፒላር የሚለው ስምም ራሱ ማስታወቂያ ነው። በካሊፎርኒያ በስቶክተን አካባቢ መሬቱ ረግረግ በመሆኑ ከባዱ የእንፋሎት ትራክተር እየሰመጠ ገበሬውን አስቸገረ። ስለዚህ ቤንጃሚን ሆልት የተባለው ፋብሪከኛ በ1904 የኋላ መንኰራኵሮቹን አውጥቶ፥ በሰንሰለት የተያያዘ የእንጨት ርብራብ እንዲዞር አደረገ። ይህን ያየ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ የመኪናውን አካሄድ ከአባ ጨጓሬ ጋር አመሳሰለው ይባላል። ሆልትም ስሙን ወደደው፤ በ1910 የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። በ1925 የሆልትና የተወዳዳሪው የቤስት ኩባንያ ተዋሕደው ካተርፒላር ትራክተር ኩባንያ ሆኑ። እስከ 1931 ድረስ መኪናዎቹ ግራጫ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ግን በመንገድ ሥራ ላይ ከሩቅ እንዲታዩ ተብሎ ቢጫ ተቀቡ። ዛሬ የሥራ መኪና ሲባል ቢጫ ቀለም በዓይናችን የሚመጣው ስለዚህ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

ሻጩም በሥነ ጽሑፍ ገብቷል። ለሆልት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዊልያም ሀዝሌት አፕሰን ከ1927 ጀምሮ በ«ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» መጽሔት፥ አሌክሳንደር ቦትስ ስለሚባል ጉረኛ የትራክተር ሻጭ አስቂኝ ታሪኮችን ጻፈ። የቦትስ ኩባንያ ስም «የምድር ትል» ነው። አባ ጨጓሬው መሆኑን የማያውቅ አንባቢ አልነበረም!

ከዚያም ጦርነት መጣ። በ1942 የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የአላስካ መንገድ ከስምንት ወር ባልበለጠ ጊዜ ቀደዱ። የዘመኑ ማስታወቂያ ቡልዶዘሩን ከወታደሩ ጐን አቆመው። ሰላም ከሆነ በኋላም በ1956 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና እንዲሠራ ሕግ በወጣ ጊዜ፥ ያው መኪና የብልጽግና ምልክት ሆነ።

እንግዲህ የማስታወቂያውን ሥዕል በጥንቃቄ እንመልከት። መኪናው ንጹሕ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መሬቱም ባዶ ነው። ጽሑፉ የፈረስ ጉልበቱን፥ በሰዓት የሚያነሣውን አፈር፥ የሚያተርፈውን ገንዘብ ይቈጥራል። ነገር ግን መሬቱ ሁልጊዜ ባዶ አልነበረም። ለእነዚያ አውራ ጎዳናዎች ሲባል ከ475,000 በላይ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነሥተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ድኾችና ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በአካፋና በዶማ እንጀራውን ይበላ የነበረውም የቀን ሠራተኛ በሥዕሉ ውስጥ የለም። አቧራውና ጆሮ የሚያደነቍረው ጩኸትም አይታይም።

ይህ ማለት ናፍቆቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሰው የእጁን ሥራ ውጤት በዓይኑ ማየት ይወዳል፤ በነዚያ ሥዕሎች ላይ ተራራ ሲቈረጥ፥ መንገድ ሲወጣ ይታያል። በእኛም አገር ይህ ደስታ ይታወቃል። ኢትዮጵያ በ1950 ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ፥ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን አቋቁማለች። አፈር የሚገፋውን መኪናም ማንም ይሥራው ማን፥ ብዙ ሰው «ካተርፒላር» ሲለው ይሰማል። የአንድ ነጋዴ ምልክት የዕቃው ሁሉ ስም መሆኑ የማስታወቂያን ኀይል ያሳያል።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ አሮጌ ማስታወቂያ በእጁ ሲገባ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የተሸጠው ምንድር ነው? የተሸጠውስ ለማን ነው? ከሥዕሉ ውጭ የቀረውስ ማን ነው? ማስታወቂያ ሊሸጥ የመጣ ምስክር ነው። የሚናገረውን እንስማ፤ ዝም ያለበትንም እንመርምር።