የቆሼ ጋዝና የሁምቦ ጉቶ

ንፋስ ስልክ ላፍቶና ኮልፌ ቀራኒዮ በሚዋሰኑበት፣ ከቀለበት መንገዱ አጠገብ የተቆለለው ተራራ የመዝገብ ስሙ ረጲ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን ቆሼ ብሎ ነው። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ጥራጊዋን ያራገፈችው እዚህ ነው፦ የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ የቡና አተላ። መኪናው በገለበጠ ቁጥር ለቃሚዎች ተሯሩጠው ባዶ ሃይላንዱን፣ ብረታ ብረቱንና ለጫማ የሚሆነውን ሁሉ ይለያሉ። የእነሱ እጅ ያላነሳው እርጥብ ነገር ሌላ እየተቆለለበት ይታፈናል፤ አየር ሳያገኝም ይበሰብሳል። ከዚያ መበስበስ የሚወጣው ሚቴን ነው።

ይህ ጋዝ ዋጋ ያገኘው በሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኪዮቶ ላይ የጸደቀው ስምምነት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን እንዲቀንሱ የተገደዱ ሀብታም አገሮች፣ በራሳቸው ፋብሪካ መቀነሱ ቢወደድባቸው፣ ከድሃ አገር ርካሽ ቅነሳ ገዝተው ከግዴታቸው እንዲያወራርዱ ፈቀደ። ሻጩ አገር ደግሞ ያለዚያ ገንዘብ የማይሞክረውን ሥራ ይሠራበታል። በወቅቱ ስሌት 1 ቶን ሚቴን እንደ 21 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይቆጠር ስለነበር የቆሻሻን ጋዝ በቧንቧ ሰብስቦ ማቃጠል ብቻውን የሚሸጥ ሥራ ሆነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአፍሪካ ቀንድ የአካባቢ ማዕከል ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆኖ ለቆሼ ያሰበውም ይህንኑ ነበር።

ገበያው ግን አልታመነም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ20 ዩሮ በላይ የተሸጠው የአንድ ቶን ቅነሳ ማረጋገጫ፣ ማለትም ክሬዲት፣ በ2012 መጨረሻ 1 ዩሮ እንኳ አላወጣም። የአውሮፓ ኢኮኖሚ ተዳክሞ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ደግሞ ገበያው በክሬዲት ተጥለቅልቆ ነበር። በቻይናና በህንድ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ተረፈ ጋዛቸውን በማቃጠላቸው ብቻ እጅግ ብዙ ክሬዲት ወሰዱ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእነሱን አልቀበልም አለ። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች ለገበያው ሲደርሱ ዋጋው ወድቆ ነበር።

ሁምቦ ግን ቀደም ብሎ ደርሷል። በወላይታ፣ በሁምቦ ያለው ተራራ ለከሰልና ለማገዶ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ይዞ እርሻ ላይ ይወርድ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተጀመረው ሥራ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ያለውን በማዳን ላይ ያተኮረ ነበር። ዛፉ ቢቆረጥም ጉቶው በሕይወት ነበርና ገበሬዎቹ መሬቱን ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉት፤ ከየጉቶው ካቆጠቆጠው ውስጥ ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን መለመሉት። 2,728 ሄክታር በዚህ መንገድ ደን ለበሰ። በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶው ሥርዓት ሲመዘገብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። የዓለም ባንክ የ165 ሺህ ቶን ክሬዲት ለመግዛት ተዋዋለ፤ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የመጀመሪያው 34 ሺህ ዶላር ተከፈለ።

ገንዘቡ ገበሬዎቹ ለተደራጁባቸው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት በእኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 5 ሺህ ዶላር አይሞላም። ደኑ በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተገምቷል፤ ባንኩ የገዛው ከዚያ አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። የቀረውን ማን፣ በስንት ይገዛዋል? ይህ የንግዱ ትልቅ ድክመት ነው። ያም ሆኖ የሁምቦ ገበሬ በደኑ የመጠቀም መብት በማኅበሩ ስም ይዞ ነበር። ክሬዲቱ ባይሸጥ እንኳ የሚያጭደው ሣር፣ የሚለቅመው ጭራሮ የራሱ ነው።

በቆሼ እንዲህ ያለ መብት ያለው ሰው አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር፤ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቁልሉ ተንዶ በሥሩና በላዩ የተጠለሉትን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። በካርበን ስሌት የቆሼ ጋዝ በቶን ይሰፈራል፤ ከጋዙ በላይ ጎጆ ቀልሰው ልጅ ያሳደጉት ሰዎች ግን ምንም ረድፍ የላቸውም። ስለዚህ ንግድ ሲነገር ከዋጋው መውደቅ ይልቅ ሊከነክን የሚገባው ይህ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ የረጲ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሥራው ግን ሲቆራረጥ ቆይቷል። በቁልሉም ላይ በጃፓኑ የፉኩኦካ ዘዴ ቧንቧ ተቀብሮ አየር እንዲገባ፣ ተዳፋቱም እንዲስተካከል ተደርጓል። አየር ሲገባ የሚቴኑ መጠን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ባኩ ላይ በተደረገው ጉባኤ አገሮች የፓሪሱ ስምምነት የካርበን ገበያ የሚመራባቸውን ደንቦች አጠናቅቀዋል፤ የኪዮቶውን የሚተካ ነው። የከተማ ቆሻሻ ዳግም ለገበያ ሲቀርብ ለቃሚዎቹ እንደ ሁምቦ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በውሉ ውስጥ ስማቸው መግባት አለበት። የሚለቅሙት እያንዳንዱ ሃይላንድና ብረት ፋብሪካው አዲስ ከማምረት የሚያድነው ነው፤ ይህን የልቀት ቅነሳ ከኪዮቶም ከፓሪስም በፊት ሲሠሩት ኖረዋል፤ የተከፈላቸው ግን ቆራሌው በኪሎ የሚሰጣቸው ብቻ ነው።