የማይነሳ መኪናና የባሮ ወደብ

በግቢያችን ከማንጎው ዛፍ ሥር አንድ ላንድሮቨር ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የፊት ወንበሩን ዶሮ ታቅፋበታለች፤ ኮፈኑ ላይ በቆሎ ይሰጣበታል። አባቴ በሕይወት ሳለ «ባትሪ ብቻ ነው የቸገረው» ይል ነበር። እርሱ ካረፈ ወዲህ ይህን ቃል የሚደግም ባይኖርም መኪናው ከቦታው አልተነቃነቀም። ባለፈው ወር አንድ ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲመለከት ቆየና «ወንድሜ፣ ይህን በኪሎ ልውሰድልህ?» አለኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ግን ሳምንታት ፈጀብኝ።

እኔ የባንክ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በመዝገባችን ላይ የአንድ ንብረት ዋጋ በየዓመቱ እየተቀነሰ ይሄድና አንድ ቀን ያልቃል። ንብረቱ ግን ከመዝገቡ ጋር አብሮ አያልቅም፤ ቦታ ይዞ፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ይቀመጣል። ይህን ነገር ከጋምቤላ የተሻለ የሚያስተምር ከተማ አላውቅም፤ ከተማዋ ራስዋ የቆመችው ዘመኑ ባለፈበት መጓጓዣ ላይ ነውና።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሃሪንግተን ጋር የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በውሉ አራተኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከለከለ። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንደሆነ ተጻፈ። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ከኢታንግ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ጋምቤላ በምንለው ስፍራ ነው።

አኙዋዎች ኦፔኖ የሚሉት ይህ ወንዝ ለመርከብ የሚመቸው በክረምት ሲሞላ ነው። በነዚያ ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ ነበር። ሲመለሱ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ ደጋ በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና ይጭናሉ። ውኃው ሳይጎድል መመለስ ግድ ነበር። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ግድም የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ድረስ ይዞ ሲመጣና ሕዝቡ በግርምት ሲያያት፣ እዚህ ምዕራብ ዳር ሞተር ማለት መርከብ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተራመደ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በኋላም የመኪና መንገድ እየሰፋ ሲሄድ ቡናው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1956) ሱዳን ነጻ ስትወጣ በውሉ የተጻፈው ዕለት ደረሰና የተከራየው መሬት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነት ደግሞ የወንዙን ንግድ ክፉኛ አዳከመው።

ደጋግሜ የማስበው ይህን ልዩነት ነው። መሬቱ ያለ ጠብ የተመለሰው ገና ሲሰጥ መጨረሻው ስለተጻፈለት ነው። የመርከቡ ንግድ ግን መጨረሻው አልተጻፈለትም። «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» ያለው ሳይኖር እየከሳ ሄደ።

የእኛ ቤተሰብም የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው። ወላጆቼ ወደዚህ የመጡት በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ ነው። በዚያው ዘመን አቦቦ አጠገብ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የአልዌሮ ግድብ ተጀመረ። መንግሥት ሲለወጥ ግድቡ ለታሰበለት መስኖ ሳይውል ለብዙ ዓመታት ቆየ። በልጅነቴ በመንገድ ዳር ሣር የበቀለባቸው ትራክተሮች አይ ነበር። እኛ ልጆች መሪ እየጨበጥን የምንጫወትባቸው እነዚያ ማሽኖች የማን እንደሆኑ የሚነግረን ሰው አልነበረም። አባቴም ላንድሮቨሩን የገዛው ከጨረታ ነው፤ ሌላው ያስወገደውን እርሱ ዓይኑን ጨፍኖ ወደደው።

ቆራሌውን «ነገ ና» ብዬ ከሸኘሁት በኋላ አንድ መካኒክ ጠራሁ። ወጣቱ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ አስጠጋው፤ አልያዘም። ኮፈኑም አልያዘም። ሻንሲው ላይ ሲያደርገው ግን ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወለድ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ የሚታደል ስለነበር፣ አካሉ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር፤ አሠራሩም በዚያው ጸና። እንግዲህ ይህ መኪና ከመነሻው የእጥረት ልጅ ነው። ቆራሌው ሁሉንም በብረት ዋጋ ሊመዝነው ነበር።

መካኒኩ ጨምሮ «ሞተሩ ይሠራል፤ የሞተው ሻንሲው ነው» አለኝ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው የኤክሳይዝ ታክስ ከብዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለ ሞተርና ካምቢዮ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ይፈለጋል።

ሦስቱን መንገድ ለእናቴ ዘረዘርኩላት፤ እንደቆመ መሸጥ፣ በኪሎ መስጠት፣ ወይም ሞተሩን ለሚነዳበት ሰው ሸጦ አካሉንና ሻንሲውን ለየብቻ ማስመዘን። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አለች።

«በአባዬ ነው፣ እማ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እርሱን ጨርስ። የአባትህ ስም የማናውቀው መኪና ላይ ተለጥፎ አገር ለአገር እንዳይዞር።»

ፊደል በጎልማሶች ትምህርት የቆጠረችው እናቴ፣ የምኒልክን ውል ሳታነብ ቁም ነገሩን አገኘችው። እኔ ለሳምንታት ዋጋ ሳሰላ የከረምኩት መጀመሪያ የሚመጣውን ትቼ ነበር። የአንድ ነገር መጨረሻ በወረቀት ካልተዘጋ፣ በሚዛን ላይ የሚመዘነው ብረቱ ብቻ ነው፤ ኃላፊነቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ወሰንኩ። በቅድሚያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አወጣለሁ። ቀጥዬ ታርጋውን መልሼ ፋይሉን አዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩና ካምቢዮው በዲማ መንገድ ተመሳሳይ ላንድሮቨር ለሚነዳ ሰው ይሄዳሉ። አሉሚኒየሙ በአሉሚኒየም ዋጋ፣ ሻንሲው በብረት ዋጋ ለዚያው ቆራሌው ይመዘናል።

ቆራሌው ትናንት ተመልሶ መጣ። የነገርኩትን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠኝና «እስከዚያ ዶሮዋ ትፈልፍልበት» ብሎ ሄደ።