3 ለ 0 እየተመሩ ማመን ይቻላል? የቤዝቦል የዋንጫ ሰሞን ክርክር ከነቁጥሩ

ኦክቶበር 2004 ላይ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የቦስተን ቤዝቦል ደጋፊ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን «አለቀልን» ባይ ነው፤ ሌላው «ገና ነው» ባይ። ቡድናቸው ሬድ ሶክስ በደመኛው በኒውዮርክ ያንኪስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 እየተመራ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ደጋፊው ፊት 19 ለ 8 ተሸንፏል። ቦስተን ዋንጫ ካነሳ 86 ዓመት ሆኖታል። ዋንጫውን ሳያዩ ያለፉ አባቶችና አያቶች ብዙ ናቸው።

እስከዚያ ቀን ድረስ በቤዝቦል ታሪክ 25 ቡድኖች እንዲህ 3 ለ 0 ተመርተው ነበር። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ይሄ ክርክር ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ይነሳል። ቡድናችን በራሱ ይተማመናል ወይስ ሞራሉ ወድቋል? ትናንት ያሸነፈ ዛሬም ያሸንፋል? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

▪️ ውድድሩ እንዴት ነው የሚካሄደው?

በሜጀር ሊግ ቤዝቦል እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ወቅት 162 ጨዋታ ያደርጋል። ከ2022 ጀምሮ ለማጣሪያው የሚያልፉት 12 ቡድኖች ናቸው፤ ከአሜሪካን ሊግ 6፣ ከናሽናል ሊግ 6። ከዚያ በኋላ ደረጃው እንዲህ ነው፦

👉 የመጀመሪያው ዙር፦ ከ3 ጨዋታ 2 ያሸነፈ ያልፋል።
👉 ሁለተኛው ዙር፦ ከ5 ጨዋታ 3 ያሸነፈ ያልፋል።
👉 የሊግ ሻምፒዮና፦ ከ7 ጨዋታ 4 ያሸነፈ የሊጉን ዋንጫ ይወስዳል።
👉 ወርልድ ሲሪስ፦ የሁለቱ ሊግ አሸናፊዎች ይገናኛሉ። እዚህም ከ7 ጨዋታ 4 ማሸነፍ ያስፈልጋል።

የ2004ቱ የቦስተንና የኒውዮርክ ፍልሚያ የአሜሪካን ሊግ ሻምፒዮና ነበር። እንደ ኳሳችን 90 ደቂቃ ተጫውቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወስድ ትግል ነው። በመሃል ደጋፊው ለመጨቃጨቅ ሰፊ ጊዜ አለው። አቻ የሚባል ነገርም የለም፤ በ9 ኢኒንግ ካልተለየ እስኪለይ ድረስ ይቀጥላል። የምሽት ጨዋታዎቹ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ስለሚጀምሩ እዚህ ሆኖ የሚከታተል ሰው ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው ውጤቱን የሚያውቀው።

▪️ ቁጥሩ ምን ይላል?

ሁለቱ ቡድኖች እኩል ናቸው እንበል። እያንዳንዱ ጨዋታ ሳንቲም እንደመወርወር ይሁን። ስሜትን ወደ ጎን ትተን ብናሰላ፣ እየተመራ ያለው ቡድን ፍልሚያውን የማሸነፍ ዕድሉ እንዲህ ይሆናል፦

👉 2 ለ 1 እየተመራ፦ 31 በመቶ ገደማ
👉 3 ለ 2 እየተመራ፦ 25 በመቶ
👉 2 ለ 0 እየተመራ፦ 19 በመቶ ገደማ
👉 3 ለ 1 እየተመራ፦ 12.5 በመቶ
👉 3 ለ 0 እየተመራ፦ 6 በመቶ ገደማ (ከ16 አንዱ)

3 ለ 0 ላይ በተግባር የታየው ከዚህም ያነሰ ነው። ምክንያቱም ሦስቱን ያሸነፈው ቡድን ብዙ ጊዜ የእውነትም የተሻለ ነው፤ ሳንቲሙ እኩል አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በቤዝቦል ጥሩ የሚባለው ቡድን እንኳ ብዙ ይሸነፋል። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ2025 ዋንጫውን ሲያነሱ በመደበኛው ወቅት 69 ጊዜ ተሸንፈው ነበር። በዚህ ስፖርት ሁለት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ የተለመደ ነገር ነው። ዕለቱን የሚናደደው ደጋፊ ግን ይሄን ይረሳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

▪️ 2004፦ 19 ለ 8 በተሸነፉበት ሌሊት የሆነው

አራተኛው ጨዋታ። ቦስተን 4 ለ 3 እየተመራ 9ኛው ኢኒንግ ደረሰ። ኳስ የሚወረውረው ማሪያኖ ሪቬራ ነው፤ በመዝጊያ ፒቸርነት በታሪክ ወደር የለውም የሚባለው። ኬቨን ሚላር በአራት የተሳሳተ ኳስ በነፃ አንደኛ ቤዝ ደረሰ። በእሱ ፋንታ እንዲሮጥ ፈጣኑ ዴቭ ሮበርትስ ገባ። ሁለተኛውን ቤዝ እንደሚሰርቅ ስታዲየሙ በሙሉ ያውቃል። ሰረቀም። ቢል ሙለር መትቶ አስገባው፤ 4 ለ 4። በ12ኛው ኢኒንግ ዴቪድ ኦርቲዝ ሆም ራን መትቶ ጨረሰው፤ 6 ለ 4።

ጨዋታው ያለቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በዚያው ቀን ማታ አምስተኛው ተደረገ። 14 ኢኒንግ ፈጀ፤ አሁንም ኦርቲዝ፣ 5 ለ 4። ስድስተኛውን ከርት ሺሊንግ የቁርጭምጭሚቱ ጉዳት ተሰፍቶለት፣ ካልሲው በደም እየራሰ ወርውሮ 4 ለ 2 አሸነፉ። ሰባተኛው 10 ለ 3 አለቀ። ከዚያም በወርልድ ሲሪስ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን 4 ለ 0 አሰናብተው ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሱ።

«በራስ መተማመን ተአምር ይሠራል» የሚለው ወገን ሁሌ የሚጠራው ይሄን ታሪክ ነው። እውነት አለው። ግን ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ።

19 ለ 8 በተሸነፉበት ጨዋታ ቦስተን ፒቸሮቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ነበር። አንጋፋው ቲም ዌክፊልድ አራተኛውን ጨዋታ እንዲጀምር ተመድቦ ነበር። እሱ ግን በፈቃዱ ተራውን ትቶ በዚያ በጠፋ ጨዋታ ገባና ከሦስት ኢኒንግ በላይ ተጫወተ። ጨዋታውን ለማዳን አልነበረም፤ እሱማ አልቋል። የሌሎቹን ክንድ ለማሳረፍ ነው። ያረፉት ፒቸሮች ናቸው በነጋታው 12 ኢኒንግ የተሸከሙት። ዌክፊልድ ራሱ ደግሞ በአምስተኛው ጨዋታ የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ ድሉ በስሙ ተመዘገበ። ይሄ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት በ2003 ያንኪስን በሰባተኛው ጨዋታ ያሳለፈው ሆም ራን የተመታበት ሰው ነው።

ደጋፊው «ሞራላቸው ሞቷል» ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋበት ሰዓት የመመለሻው መንገድ የተጠረገበት ሰዓት ነበር። ከመሞት መሰንበት እንዲሉ፣ ዌክፊልድ ለቡድኑ አንድ ቀን ገዛለት።

▪️ 2025፦ «ሞመንተም» የሚባለው ነገር ሁለቴ ወደቀ

የዶጀርስና የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ወርልድ ሲሪስ ለዚህ ክርክር ጥሩ ፈተና ነው። ሦስተኛው ጨዋታ 18 ኢኒንግ ፈጀ፤ የሁለት ሙሉ ጨዋታ ርዝመት ማለት ነው። ፍሬዲ ፍሪማን በሆም ራን ጨረሰው፤ 6 ለ 5 ዶጀርስ። እንዲህ ያለ ሽንፈት የማንንም ልብ ይሰብራል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው።

ቶሮንቶ በነጋታው 6 ለ 2፣ ከዚያም 6 ለ 1 አሸነፈ። ሁለቱንም በዶጀርስ ሜዳ! አሁን 3 ለ 2 እየመራ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚህኛው ሰዓት ደግሞ ሞመንተሙ የቶሮንቶ ነው ተባለ። ስድስተኛውን ዶጀርስ 3 ለ 1 ወሰደ። ሰባተኛውን ቶሮንቶ ሁለት አውት ብቻ ሲቀረው ሚጌል ሮሃስ በሆም ራን አቻ አደረገ፤ በ11ኛው ኢኒንግ ዊል ስሚዝ ሌላ ሆም ራን መታና 5 ለ 4 አለቀ።

ይህ ነው ደጋፊን የሚያሳብደው። በአንድ ሳምንት ውስጥ «አለቀላቸው» የተባሉት ሁለቴ ተነሱ።

▪️ ለምን እንዲህ ይሆናል?

ትልቁ ምክንያት ፒቸሩ ነው። በእግር ኳስ ትናንት የተጫወቱት አሥራ አንዱ ነገም ሊጫወቱ ይችላሉ። በቤዝቦል ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር ከወረወረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል። ስለዚህ በጨዋታው ላይ ትልቁን ድርሻ ያለው ሰው በየቀኑ ይቀየራል። የባልቲሞር ኦሪዮልስ አሠልጣኝ የነበረው ኤርል ዊቨር ሞመንተም ማለት የነገው ፒቸር ነው ይል ነበር።

ሁለተኛው፣ የሜዳ ጥቅም በቤዝቦል ትንሽ ነው። ባለሜዳ ቡድን የሚያሸንፈው ከ100 ጨዋታ 53 ወይም 54 ያህሉን ነው። በ2019ኙ ወርልድ ሲሪስ ዋሽንግተን ናሽናልስ ሂውስተንን 4 ለ 3 ሲያሸንፍ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የዋሽንግተን ከተማ በሜዳው ሦስቱንም ተሸንፎ፣ ሂውስተን ሄዶ አራቱንም አሸነፈ። ያ ቡድን ወቅቱን የጀመረው 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር!

▪️ ታዲያ በራስ መተማመን ዋጋ የለውም?

አለው። ግን ደጋፊው በሚያስበው ቦታ አይደለም።

በ2016 ቺካጎ ከብስ ከ1908 ወዲህ ዋንጫ አላየም ነበር። 3 ለ 1 ከመመራት ተነስቶ ሰባተኛው ጨዋታ ደረሰ። በ8ኛው ኢኒንግ መሪነቱን በአንድ ሆም ራን ተነጠቀ። ከ9ኛው በኋላ ዝናብ ጣለና ጨዋታው ለ17 ደቂቃ ተቋረጠ። ጄሰን ሄይዋርድ የቡድን ጓደኞቹን ሰብስቦ አናገራቸው። በዚያ ሰሞን እሱ ራሱ መምታት አቅቶት ነበር፤ ቢሆንም ተናገረ። ከዝናቡ በኋላ ሁለት ነጥብ አስገብተው 8 ለ 7 አሸነፉ።

ንግግሩ ብቻውን አሸነፈ ማለት አይቻልም፤ ክሊቭላንድም ያን ዝናብ አርፎበታል። የሚታየው ግን ይሄ ነው፦ የሚተማመን ቡድን ቀጣዩን ኳስ ልክ እንደ መጀመሪያው ኳስ ይጫወተዋል። ዌክፊልድ በጠፋ ጨዋታ ክንዱን ሰጠ። ሮበርትስ ሁሉም እያወቀበት ሮጠ። በራስ መተማመን የጠፋውን ጨዋታ አይመልስም፤ ነገ የሚያስፈልገውን ሥራ ዛሬ ያሠራል።

▪️ በክርክር መሃል ብትገቡ የሚጠየቁ 4 ጥያቄዎች

1. ነገ የሚወረውረው ማነው? ስንት ቀን አርፏል?
2. በትናንቱ ጨዋታ የትኞቹ ተቀያሪ ፒቸሮች ደከሙ? የኛ ወይስ የነሱ?
3. የተሸነፍነው እንዴት ነው? ኳሱ በደንብ እየተመታ ተጫዋች እጅ ላይ እየወደቀ ወይስ ጭራሽ መምታት አቅቶን?
4. ዕድላችን በቁጥር ስንት ነው? 6 በመቶ ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም።

ከ2004 ወዲህ 3 ለ 0 ተመርቶ ያሸነፈ ሌላ ቡድን በቤዝቦል የለም። ሂውስተን በ2020 ሦስት ለሦስት ድረስ ደርሶ በሰባተኛው ቀረ። ስለዚህ «አለቀልን» የሚለው ደጋፊ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ግን ያን ሌሊት ቦስተን ውስጥ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ሰው፣ ቤተሰቡ 86 ዓመት የጠበቀውን ነገር ሲጀምር አላየውም።

እናንተስ? ቡድናችሁ 3 ለ 0 ቢመራ ታጠፉታላችሁ ወይስ ታመሻላችሁ? 👇