ከማዶው ሕንፃ ጋር መነጋገር፦ የመሥሪያ ቤት ስልክ ያለ ገመድ የተሻገረበት ታሪክ

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግርጌ በገደሉ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። መነጋገር ቢሹ ግን ወይ የውኃውን ድምፅ የሚበልጥ ጩኸት ማሰማት፣ ወይ ዞረው ድልድይ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። ቅርብ ሆኖ አለመገናኘት በጤና ተቋማት ግቢም የታወቀ ነው። ዋናው ሕንፃ የስልክ ማዞሪያ አለው፤ ከመንገዱ ማዶ ዘግይቶ የተሠራው ማዋለጃ ክፍል ወይም ላቦራቶሪ ግን ገመድ አልደረሰውም። ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት «ደም ተገኝቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተላላኪ እግር ይመላለሳል።

የገመድ አልባ ስልክ ታሪክም የሚጀምረው በሁለት ሕንፃዎች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና ረዳቱ ቻርልስ ሰምነር ቴይንተር በዋሽንግተን ከፍራንክሊን ትምህርት ቤት ጣሪያ ወደ ቤል ቤተ ሙከራ መስኮት፣ 213 ሜትር ያህል፣ የሰውን ድምፅ በፀሐይ ብርሃን ላይ ጭነው አሻገሩ። ድምፁ ስስ መስተዋት ያንቀጠቅጣል፤ የሚንፀባረቀው ብርሃን ይደምቃል፣ ይደክማል፤ በተቀባዩ በኩል ሴሊኒየም ይህንኑ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ደመና ሲጋርድ ግን ንግግሩ ይቋረጣል። (ይኸው ቤል በማግስቱ ዓመት በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በራሱ መሣሪያ ፈልጎ ሳያገኘው ቀርቷል።)

በኢትዮጵያም ስልክ ሥራውን የጀመረው ከቤት ወደ ቤት ነው። ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ሲመለሱ ያመጡት ስልክ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና በግምጃ ቤቱ መካከል እንደተዘረጋ ይነገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር በታሪክ ሲወደስ ኖሯል፤ የግቢ ውስጥ አጭሩ መስመር ግን ብዙም አይወሳም። የሆስፒታል የዕለት ሥራ ግን ከረጅሙ ይልቅ በአጭሩ ላይ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሞባይል ችግሩን ፈጽሞ የፈታ መስሎ ነበር። አልፈታውም። ሞባይል የሰው ነው፤ የውስጥ መስመር ቁጥር ግን የሥራ ቦታ ነው። ነርሷ ተረኝነቷን ጨርሳ ስትሄድ ስልኳም አብሯት ይሄዳል፤ የማዋለጃ ክፍሉ ቁጥር ግን በቦታው ይቀራል፤ ማንም ተረኛ ያነሣዋል፤ ሂሳብ አለቀበት አይባልም።

ይህን ቁጥር ያለ ገመድ ለማሻገር ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደረጃ የወጣለት ዴክት የተባለው ኮርድለስ ስልክ ነው። በሜዳ ላይ እስከ 300 ሜትር ይደርሳል፤ በግድግዳዎች መካከል ግን ወደ 50 ሜትር ይወርዳል። ሁለተኛው ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋው ዋይፋይ ነው። በሁለቱ ጣሪያዎች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ አንቴናዎች ይተከላሉ፤ ድምፁ ወደ ዲጂታል ተለውጦ ይሻገርና ማዶ ባለው አስማሚ ሣጥን አማካይነት ተራውን የጠረጴዛ ስልክ ያስጮኻል። አንድ ንግግር የሚፈልገው የመረጃ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ጭነቱ ቀላል ነው።

ከባዱ መተያየቱ ነው። በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ለሚሠራ የ1 ኪሎ ሜትር ግንኙነት በመንገዱ አጋማሽ ላይ በማዕበሉ መሀል መስመር ዙሪያ በየአቅጣጫው 3.6 ሜትር ያህል ክፍት ቢሆን ይመረጣል። በበጋ የተተከለ አንቴና ክረምት ሲገባ በረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይታፈናል፤ ቤልን ደመና እንደከለከለው ማለት ነው።

ሕጉም የራሱ ታሪክ አለው። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከልክሎ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ከማዞሪያ ወደ ክፍል የሚሄድ ድምፅ ኢንተርኔትን ባይነካም፣ ክልከላው ብዙ ኃላፊዎችን ቢያስፈራ አይደንቅም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የራዲዮ ሞገድን አጠቃቀም ይቆጣጠራል፤ አንቴና ከመግዛት በፊት እርሱን መጠየቅ ይገባል።

ገመዱ ሲቀር ግን አብሮት የሚቀር ነገር አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የድሮው ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራ የነበረው 48 ቮልቱን ከማዞሪያው ባትሪ በዚያው ገመድ ይቀበል ስለነበር ነው። ገመድ አልባው ግን በማዶው ሕንፃ የራሱን ኃይል ይሻል። ጢስ ዓባይ እንኳ፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያው ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በተጨመረው ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ፣ ለአካባቢው የማይቋረጥ መብራት ዋስትና አልሆነም። የማዶው አንቴናና አስማሚ ሣጥን በአንድነት የሚወስዱት 15 ዋት ያህል ነው፤ በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ያሠራቸዋል።