የክሎሪን ልክ

«ማር ሲበዛ ይመራል» ይላሉ አበው። ክሎሪን ደግሞ ከማር የባሰ ነው፤ ሲያንስ ለበሽታ በር ይከፍታል፣ ሲበዛ ትንፋሽ ያሳጥራል። የዚህ ንጥረ ነገር ታሪክ ሲመረመር፣ ሰው ክሎሪንን ለማግኘት ከደከመው ይልቅ ልኩን ለመጠበቅ የደከመው ይበልጣል። ዛሬ በየመዋኛ ገንዳው ጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ የሚያደርገው መሣሪያ የዚያ ረጅም ድካም ልጅ ነው።

ስዊድናዊው ሼሌ ይህን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1774 ሲያገኘው ስም እንኳ አልነበረውም። እንግሊዛዊው ዴቪ በ1810 አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበትን መልኩን አይቶ ከግሪክ ቋንቋ ስም አወጣለት። ለብዙ ዓመታት ሥራው ጨርቅ ማንጣት ነበር። በ1897 በእንግሊዝ አገር ሜይድስተን ከተማ የታይፎይድ ወረርሽኝ ሲነሣ የከተማዋ የውኃ መስመር በዚሁ ማንጫ ታጠበ። ይህ ግን የአንድ ሰሞን መከላከያ እንጂ የዘወትር ሥራ አልነበረም።

በአሜሪካ የዘወትር ሥራ የሆነው በክርክር መካከል ነው። የጀርሲ ሲቲ ከተማ «ንጹሕ ውኃ አላቀረበልኝም» ብላ የውኃ ኩባንያውን ከሰሰች። የኩባንያው አማካሪ የነበረው ሐኪም ጆን ሊል ማንንም ሳያስፈቅድ በ1908 መስከረም ወር ውኃው ውስጥ ክሎሪን ማስገባት ጀመረ። ዳኛ ፊት ቀርቦም ያንን ውኃ እርሱም እንደሚጠጣው፣ ለቤተሰቡም እንደሚያጠጣ መሰከረ። በመጨረሻም ተቀባይነት አገኘ። ሊልን ያዳነው ግን ድፍረቱ ብቻ አልነበረም። መሐንዲሱ ፉለር የነደፈለት መሣሪያ ነበረው፦ የተበጠበጠውን ማንጫ የሚይዝ ጋን፣ የፈሳሹን ከፍታ ሁልጊዜ እኩል የሚያደርግ ተንሳፋፊ፣ ከሥሩም ጠባብ ቀዳዳ። ከፍታው ካልተለወጠ የሚወርደውም መጠን አይለወጥም። ልክ የመጠበቅ ጥበብ የተጀመረው እንዲህ ባለ ቀላል ዘዴ ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ ዋላስና ቲርናን የተባሉ ሁለት ሰዎች እዚያው ቡንተን በተባለው ቦታ ጋዙን በቀጥታ መጥኖ የሚያስገባ መሣሪያ ተከሉ። ከዚያም ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ጀርመኖች ያንኑ ጋዝ ከ150 ቶን በላይ በቤልጂግ ኢፕር ግንባር ለቀቁት። አንዱ ሲመጥነው ከተማ አዳነበት፣ ሌላው ያለ ልክ ለቆ ሠራዊት ፈጀበት።

ወደ ገንዳው እንምጣ። በእኛ አገር ገላን በፍል ውኃ መታጠብ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃን ወደው ነው። ሶደሬንና ወንዶ ገነትንም የማያውቅ የለም። ከምድር እየፈለቀ የሚፈስ ውኃ እድፉን ይዞ ይሄዳል። ገንዳ ውስጥ የታቆረ ውኃ ግን ያንኑ ውኃ እያጣራና እያዞረ የሚኖር ነው። በፊት መፍትሔው ውኃውን መድፋትና እንደገና መሙላት ነበር። በ1910 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ገንዳ ክሎሪን ከተሞከረባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ።

ችግሩ ግን የገንዳ ልክ እንደ ጋኑ አለመርጋቱ ነው። ፀሐይ ክሎሪኑን ትበላዋለች፤ እሑድ ከሰዓት ልጆች ሲበዙ ያልቃል፤ ሌሊት ይተርፋል። ብዙዎቻችን «ክሎሪኑ በዝቷል» የምንልበት አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ እንኳ ብዙ ጊዜ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ መድከሙን የሚያሳይ ነው። ስለዚህ አንዱ ኤሌክትሮድ የውኃውን ፒኤች፣ ሌላው የክሎሪኑን ኃይል በሚሊቮልት ይለካል፤ ትንሿ ፓምፕም የጎደለውን ትጨምራለች። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8፣ ክሎሪኑም በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ቢሆን ይመረጣል። ፒኤቹ 8 ከደረሰ አብዛኛው ክሎሪን ውኃው ውስጥ እያለ ሰነፍ ይሆናል።

ታዲያ መሣሪያው ካለ ሰው ምን ያደርጋል? መልሱን ሪዮ ትስጠን። በ2016 ኦሊምፒክ የእኛው ሮቤል ኪሮስ በዋኘበት ሰሞን፣ በሌላ ሥፍራ የነበረው የጠላቂዎች ገንዳ በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ሆነ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በስሕተት ተጨምሮበት ክሎሪኑን አክሽፎት ነበር። የሚለካው መሣሪያ ግን ሁሉ ደኅና ነው ይል ነበር። መሣሪያ የሚያውቀው እንዲያውቅ የተሠራለትን ብቻ ነው።

ለእኛ የቀረበው አደጋ ግን ሌላ ነው። ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ ሲጠፋ ውኃ የሚያዞረው ትልቁ ፓምፕ ይቆማል፤ በአንዱ መስመር የምትሠራው የክሎሪንና የአሲድ ፓምፕ ግን ልትቀጥል ትችላለች። ሁለቱ በማይንቀሳቀስ ቧንቧ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከተገናኙ መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል። መብራት ተመልሶ ውኃው ሲነሣ ያ ጋዝ ዋናተኞች መካከል ይወጣል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ውኃ ካልፈሰሰ መድኃኒት እንዳይፈስ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ጉንችሬ ይህ ሁሉ የሀብታም ወሬ ሊመስል ይችላል። አይደለም። አተት በ1998 እና በ2008 ዓ.ም. አገሪቱን ሲያስጨንቅ እናቶች በ20 ሊትር ጀሪካን ላይ በቆርኪ የለኩት ያንኑ ክሎሪን ነው። በብዙ ትንንሽ ከተሞች ማጠራቀሚያ አናት ላይ በበርሜል ተበጥብጦ የሚንጠባጠበውም እርሱ ነው፤ የሊል ጋን የሩቅ ዘመድ ማለት ነው። ከቧንቧው አፍ ሲቀዳ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መገኘት አለበት። በርሜሉ የሚደፈን ቀዳዳ አለው፤ ኤሌክትሮዱም የሚቆሽሽ ፊት አለው። ሁለቱም ጋ ጠዋትና ማታ በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ቀድቶ፣ ጠብታውን ጨምሮ፣ ቀለሙን በብርሃን አስተያይቶ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ስሙ ማን እንደሆነ የምንጠይቀው ግን ስንታመም ብቻ ነው።