መሣሪያን ወደ ሰው ያቀረቡ ሴቶች

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመና የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕክምና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረ ተቋም ነው። በቆዳ ሕክምና ዘንድ የታወቀ አንድ መለኪያ አለ፤ የሰውን ቆዳ ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መሠረት፣ ከፈዛዛው እስከ ጥቁሩ በስድስት ደረጃ የሚመድብ ነው። ይህ የሐኪሞች መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮምፒዩተርን አድልዎ ለመመዘን ዋለ። መዛኞቹም ሁለት ሴቶች ሲሆኑ፣ አንደኛዋ የአዲስ አበባ ተወላጅ ናቸው።

የሥራቸውን ትርጉም ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ያሻል። ኤኒያክ የተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ ሲታይ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የቀየሱለት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ክብሩ ግን ለብዙ ዘመን የማሽኑ ሠሪዎች ብቻ ሆኖ ቆየ። በ1950ዎቹ ግሬስ ሆፐር ኮምፒዩተር በተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲታዘዝ አደረጉ፤ ጥረታቸውም እ.ኤ.አ. በ1959 ለተጀመረው ኮቦል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሠረት ሆነ። ሠዓሊዋ ሱዛን ኬር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ እንደ ጥልፍ ነጥብ በነጥብ የሠሯቸው ትንንሽ ምስሎች፣ ትእዛዝ በቃሉ ያላጠና ሰው እንኳ በኮምፒዩተር እንዲሠራ በር ከፈቱ።

በዚህ ሁሉ መሣሪያው ወደ ሰው ቀረበ። ይሁንና ወደ የትኛው ሰው?

ይህን ጥያቄ በቁጥር የመለሱት ጆይ ቡኦላምዊኒና የአዲስ አበባዋ ተወላጅ ዶክተር ትምኒት ገብሩ ናቸው። ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላትን 1,270 ፎቶግራፎች ሰብስበው፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ሥርዓቶችን ፈተኑ። በፈዛዛ ቆዳ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ 0.8 አላለፈም፤ በጠይምና ጥቁር ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ደረሰ። ለስሕተቱ ምንጭ ሊሆን ይችላል ከሚባሉት አንዱ፣ እንዲህ ያሉ ማሽኖች የሚማሩባቸው ፎቶግራፎች በአብዛኛው የነጮችና የወንዶች መሆናቸው ነው። በዓመቱ የተደገመው ምርመራ የተፈተኑት ሥርዓቶች ስሕተት መቀነሱን አሳየ። ከተነቀፈ የሚታረም ጉድለት የተፈጥሮ ግዴታ አለመሆኑም ተረጋገጠ።

ችግሩ የፎቶግራፍ ብቻ አልነበረም፤ በሠሪዎቹም መካከል ጥቁሮች ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህም ዶክተር ትምኒት፣ በአዲስ አበባ ተወልደው ካደጉት ከዶክተር ረድኤት አበበ ጋር ሆነው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙያ የተሠማሩ ጥቁሮችን የሚያሰባስብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መሠረቱ።

መሣሪያ ለሰው እንጂ ሰው ለመሣሪያ አልተፈጠረም። ነገ በዘነበወርቅ የታካሚን ቆዳ የሚመረምር ማሽን ቢተከል፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ የማንን ቆዳ አይቶ እንደ ተማረ ነው።