ወጌሻ

ወጌሻ የአጥንት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ጉዳትን በእጁ የሚያክም የባህል ሐኪም ነው። ሙያው አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ይወረሳል። በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራትና ከሸክም የመጣ የወገብ ህመም ወደ እሱ ይወስዳሉ። ወለምታን በቅቤ ያሻል፤ የወለቀ ትከሻን ስቦ ወደ ቦታው ይመልሳል። ስብራትን በጣቱ ዳስሶ ካገጣጠመ በኋላ በተሰነጠቀ ሸምበቆ ደግፎ በጨርቅ ያስራል።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚሁ ማሰሪያ ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ያብጣል፤ ጨርቁ ከጠበቀ ደም መተላለፊያ ያጣል። ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ በመጨረሻም እጁ ወይም እግሩ ይቆረጣል። ይህ በተለይ በሕፃናት ላይ ሲደርስ እጅግ ያሳዝናል፤ ሕመሙ እንደጠና ማሰሪያውን መፍታት ብዙውን ያድን ነበርና። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ቁስሉ ቴታነስ ስለሚያሰጋው ቦታው ሆስፒታል ብቻ ነው።

ለወጌሻ የሚቀርበው የውጭ ሙያ ካይሮፕራክቲክ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ሲሆን የሚያተኩረው በአከርካሪ ላይ ነው። ለተራ የወገብ ህመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል። ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ያለበት የጀርባ ህመም ግን የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም፤ እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተም እንዲሁ።